ድምፅዋን ያሳረፈች አምበል

ከሰዓት በኋላ የካራማራ ነፋስ ሲነሳ በጅግጅጋው ንጋት ክለብ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ ጎን ለጎን የቆሙ ሰዎች እንኳ አይደማመጡም። ሜዳው ጣሪያ የለውም። በአንድ ወገን ያለው የቆርቆሮ አጥር ሲንኳኳ ይውላል፣ አቧራው ከመሬት ተነሥቶ ቅርጫቱ ድረስ ይወጣል፣ ከተጫዋቾቹ የሚበዙት የሚያስሩት የስፖርት ሂጃብ ደግሞ ጆሮ ላይ ጠበቅ ይላል። በዚህ ሁሉ መሀል ጥርት ብሎ የሚሰማ አንድ ድምፅ ነበር፤ የአምበሏ የፍቅርአዲስ ተሻለ ድምፅ።

ፍቅርአዲስ ሠላሳን ያለፈች፣ ረዘም ያለች፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ከቀኝ ጉልበቷ ላይ ጥቁር ማሰሪያ የማይለያት ሴት ናት። የምትሰለፈው ከኋላ፣ ከቅርጫቱ ሥር ነው። ከዚያ ሆና አራቱንም ጓደኞቿን ታያለች። ተጋጣሚ ከአንዷ ጎን ተሰርቃ መጥታ እንደ ግድግዳ ልትቆምባት ስትል፣ "ሂቦ፣ በግራሽ" ብላ ታስጠነቅቃለች። ከፊት ያለችው ኳስ ከያዘችው ጋር ብቻዋን ስትፋጠጥ ደግሞ፣ "አለሁ፣ ውጪባት" ትላለች። ይህን የሰማች ተከላካይ አትፈራም። ብትታለፍ እንኳ ከኋላዋ ሰው እንዳለ ታውቃለች።

ለዐምራንና ለሂቦ በሶማሊኛ፣ ለኬሪያና ለሌሎቹ በአማርኛ ትናገራለች፤ ጥድፊያ ሲሆን ሁለቱንም ትቀላቅላቸዋለች። ለእያንዳንዷ የሚሆነውንም ታውቃለች። ኳስ ስትስት ዐምራን ላይ መቀለድ ይሻላል፤ "ቅርጫቱን ወደ ቀኝ አስጠጉላት እንጂ፣ ልጅቷ ምን ታድርግ" ከተባለች ስቃ ትረሳዋለች። ኬሪያ ስሟ ብቻ ከተጠራ ይበቃታል። ከቱሊ ጉሌድ ወረዳ የመጣችው ሂቦ ግን ስትሳሳት ማንም ባያያት ትወዳለች። እና ፍቅርአዲስ ወደ ሌላ አቅጣጫ እያየች፣ ለነፋሱ የምታወራ መስላ፣ "የሚቀጥለው ይገባል" ትላለች።

አባቷ ሃምሳ አለቃ ተሻለ ከሰሜን ሸዋ ተመድቦ ጅግጅጋ የመጣ ወታደር ነበር። እናቷ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች። ፍቅርአዲስ እዚያው ተወልዳ፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር በሶማሊኛ እየተጣላችና እየታረቀች አደገች። ከነዚያ ልጆች አንዷ ዐምራን ናት። ግቢያቸውን የሚለየው አንድ አጥር ነው፤ እሱም በአንድ ቦታ ተቀዷል፣ ሁለቱም ቤተሰቦች ሊጠግኑት ፈልገው አያውቁም።

በ2010 ዓ.ም. የሐምሌ መጨረሻ ከተማዋ በታመሰች ጊዜ ፍቅርአዲስ ትጫወትበት ከነበረው ከድሬዳዋ ለእረፍት መጥታ ነበር። እሷና ወላጆቿ በዚያ በተቀደደው አጥር በኩል ገብተው እነዐምራን ቤት ተሸሸጉ። የዐምራን እናት ፍራሾቹን ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ ደርድራ፣ የገዛ ልጆቿን ሳሎን አስተኝታ፣ ቤቷን ለቀቀችላቸው። ከዚያ ጊዜ ፍቅርአዲስ ያልረሳችው ነገር ቢኖር ዐምራን በድንገት ዝም ማለቷ ነው። ያቺ ለፍላፊ ልጅ ወተት ታቀርብና ዐይኗን መሬት ተክላ ትወጣ ነበር። ኋላ ሲታወቅ የፍቅርአዲስ እናት ሱቅ ተቃጥሎ ኖሯል። እነዐምራን ገና ከጅምሩ ሰምተዋል፤ እንዴት ብለው ይንገሯቸው።

እናቷ ሱቁን አድሳ ዛሬም ጨርቅ ትሸጣለች። ንጋት ክለብ የሴቶች ቡድን ሲያቋቁም ፍቅርአዲስ ከድሬዳዋ ተመልሳ ፈረመች። ዐምራንም ፈረመች። ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል፤ ጉልበቷም እንደ ድሮው አይደለም። አሰልጣኙ ትግሉ ባለፈው ዓመት ውሏን ሲያድስ፣ "ጉልበትሽን ጡረታ አውጥቼዋለሁ። የማሰልፈው ድምፅሽን ነው" ብሎ ቀልዶባታል። አብራው ሳቀች። ማታ አልጋዋ ላይ ስታስበው ግን ቀልዱ አላሳቃትም።

በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ያ ድምፅ ተሰነጠቀ። በመጀመሪያ ጉንፋን መሰላት። ማርና ዝንጅብል ጠጣች። የዐምራን እናት ጥቁር አዝሙድ በወተት አፍልታ ላከችላት። አልተሻላትም። ሐረር ያለ የጉሮሮ ሐኪም መብራት ግንባሩ ላይ አስሮ አየና፣ "ምንድን ነው ሥራሽ? ጨረታ ነው የምትጠሪው?" አላት። የድምፅ አውታሮቿ አብጠዋል። እስከ ቀጠሮዋ ድረስ ቃል እንዳይወጣት አዘዛት። "ሹክሹክታም የለም። እንዲያውም እሱ ይብሳል። መሮጥ ትችያለሽ፣ መናገር አትችይም።"

ከሐረር ስትመለስ ሚኒባሱ ውስጥ መስኮቱን ተደግፋ አንድ ነገር ብቻ አሰበች። የውድድር ዓመቱ እያለቀ ነው፤ ከድሬ ከሚመጣው ቡድን ጋር ካለው ጨዋታ በኋላ የሁሉም ውል ይታያል። ድምፅ የሌላትን ፍቅርአዲስ ማን ያስፈርማል?

ሐኪሙ ያላትን በስልክ ጽፋ ለአሰልጣኙ ላከች። እሱም ለልጆቹ ነገራቸው።

ከተማው ዝምታዋን በየራሱ መንገድ ተቀበለው። ባለሱቁ በምልክት ሳሙና ስትጠይቀው እሱም በሹክሹክታ መለሰላት። አባቷ ደግሞ መናገር ያቃተው ሰው መስማትም ያቃተው መስሎት፣ ሽርጡን አገልድሞ በር ላይ ቆሞ፣ "ምሳ ቀርቧል" እያለ ሠፈሩን ይቀሰቅስ ነበር። ይህ ሁሉ አሳቃት። ያላሳቃት የሜዳው ነው።

በመጀመሪያው ቀን ወደ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ስትደርስ ከውጭ ሳቅ ሰምታ ነበር። በሩን ስትከፍት ሳቁ ቆመ። ኬሪያ ካልሲዋን ታገላብጣለች። ሂቦ ወደ ግድግዳው ዞራለች። ዐምራን የጫማዋን ክር አስራ ፈታችው፣ መልሳ አሰረችው፣ ቀና ሳትል ወጣች። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። ሜዳ ላይም ኳስ ይቀባበላሉ እንጂ ማንም ማንንም አይጣራም፤ የሚሰማው የቆርቆሮው አጥርና የጫማ ጩኸት ብቻ ነው። አንድ ቀን ልምምድ ሳይጀመር ኬሪያ ብቻዋን ሜዳውን ስትዞር አየች። አርፍዳ ተቀጥታ ይሆናል ብላ አለፈች።

ፍቅርአዲስ ከሁሉም የዐምራን ዝምታ ገብቷታል። ይህች ልጅ እንዲህ ዐይኗን መሬት የተከለችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አሁንም አንድ ነገር አውቃለች ማለት ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ክለቡ እንደማያስፈርመኝ ሰምተዋል፣ እንዴት ብለው ይንገሩኝ ብላ ደመደመች።

በዚያው ሳምንት ከሐረር ከመጣ ቡድን ጋር የወዳጅነት ጨዋታ ነበር። ፍቅርአዲስ እንደ ወትሮው ከኋላ ቆመች። ከእረፍት በኋላ ሂቦ ኳስ የያዘችውን ልጅ እየተከተለች ወደ ጎን ስትሮጥ፣ አንዲት ደንደን ያለች ተጋጣሚ በግራዋ መጥታ ቀጥ ብላ ቆመች። ፍቅርአዲስ አየቻት። አፏ ተከፈተ። ሐኪሙ ትዝ አላትና ዘጋችው። ሌላም ማንም ምንም አላለም። ሂቦ በሙሉ ሩጫዋ ከልጅቷ ትከሻ ጋር ተላትማ ወደቀች።

ከንፈሯ ተሰንጥቆ ነበር። ፍቅርአዲስ ከሁሉም ቀድማ ደርሳ በፎጣ ያዘችላት። ሂቦ ከመሬት ሆና ቀና ብላ አየቻትና፣ "አባዮ፣ አይተሻት ነበር?" አለች። አባዮ በሶማሊኛ እህቴ እንደማለት ነው። ፍቅርአዲስ ራሷን ነቅንቃ አዎ አለቻት። ሂቦ ፎጣውን ከእጇ ወስዳ ተነሣች።

ያን ማታ ፍቅርአዲስ ለአሰልጣኝ ትግሉ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ "ኮች፣ ውሌ ባይታደስ ቅር አይለኝም። ለመንገር አትቸገሩ። ከነገ ጀምሮ አልመጣም።" ከዚያ የጉልበቷን ማሰሪያ አጥባ ግቢው ውስጥ ያለው ገመድ ላይ አሰጣችው፤ ምን እንደሚያደርግላት ግን አታውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ዐምራንና ሂቦ መጡ። ዐምራን በተቀደደው አጥር ገባች። ሂቦ እንግዳ ናትና በበሩ በኩል ዞራ አንኳኳች። ሃምሳ አለቃ ተሻለ ከፈተላት።

"ግቢ ልጄ። መናገር ነው የተከለከለችው እንጂ መስማት ትችላለች። እኔም ብዙ ከጮህኩ በኋላ ነው የገባኝ" አላት። የሂቦን ከንፈር አየና ጨመረ፦ "አንቺንም ሐኪም ዝም በይ ብሎሽ ነው?"

"እኔ ድሮም ዝም ነኝ፣ አዴር" አለች ሂቦ። አዴር አጎት ማለት ነው።

ዐምራን ልጅነቷን ሁሉ እንደተቀመጠችበት ደረጃው ላይ ተቀመጠች። "ኮች መልእክትሽን አሳየን። ምን ነካሽ?"

ፍቅርአዲስ ስልኳ ላይ ጽፋ አቀበለቻት። ዐምራን ጮክ ብላ አነበበች። "'እንደማያስፈርሙኝ ታውቁ ነበር። ያላናገራችሁኝ ለዚህ ነው።' ወላሂ ይቺ ሴት አብዳለች። ማነው ያለሽ?"

"ሕጉ የሷ ነው" አለች ሂቦ፣ በአገጯ ወደ ዐምራን እያመለከተች።

"ሂቦ፣ ዛሬ ነው መናገር የጀመርሽው?"

"የምን ሕግ?" አለ ሃምሳ አለቃ ተሻለ።

ዐምራን አንገቷን ሰበር አደረገች። "አዴር፣ ልጅህን ታውቃታለህ። ሰው ካናገራት ሳትመልስ አትቀርም። ሳትናገር ቀርታ ታውቃለች? ስለዚህ እሷ ባለችበት ማንም አፉን እንዳይከፍት አልኩ። የተናገረች ሜዳውን ትዞራለች። ኬሪያ፣ 'እንዴት አደርሽ' ልትላት ጀምራ በ'እንዴት' ዞራለች።"

ፍቅርአዲስ ሁለቱንም እያፈራረቀች አየች። ከዚያ ስልኩን ወስዳ ብዙ ጻፈች፣ አጠፋች፣ እንደገና ጻፈች። ዐምራን ይህን ጮክ ብላ አላነበበችውም። "በፊት እንዲህ ዝም ያልሽኝ የእማዬ ሱቅ ሲቃጠል ነው" ይላል።

ዐምራን ስልኩን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። "እኔ ልነግርሽ ፈልጌ ነበር" አለች። "እናቴ ናት፣ ይብሉ፣ ይተኙ፣ ከዚያ ይሰማሉ ያለችው። ወተቱን ይዤ በገባሁ ቁጥር አፌ ላይ ነበር።" አፍንጫዋን በሂጃቧ ጫፍ ጠረገች። "ካሁን በኋላ ክፉ ነገር ካለ ከሁሉም ቀድሜ እነግርሻለሁ። ይኸው እንጀምር። ያ ገመድ ላይ የሰቀልሽው የጉልበት ማሰሪያ፣ ስንት ዓመት ሙሉ እንደሸተተን ታውቂያለሽ?"

ፍቅርአዲስ ያለ ድምፅ ስትስቅ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። አባቷ፣ "ሳቅም የተከለከለ መሰለኝ" ብሎ ተቆጣ፤ የራሱን ዐይን እየጠረገ።

ሂቦ እስካሁን ቆማ ነበር። "እኔ ሕጉን ወድጄው ነበር" አለች ቀስ ብላ። "ማንም ተናገሪ አይለኝም ብዬ። ትናንት ግን ሜዳው ላይ ብቻዬን የሆንኩ መሰለኝ። አምስት ሆነን ብቻዬን።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሕጉ ተገለበጠ፤ ዝም ያለች ትዞራለች። ፍቅርአዲስም አዲስ አሠራር አመጣች። በልምምድ ጊዜ ሂቦን ከኋላ፣ ከቅርጫቱ ሥር ያስቆሙና እሷ ከሂቦ ጀርባ ትቆማለች። የምታየውን በእጇ ትነግራታለች። ግራ ትከሻዋን ከነካቻት በግራ የምትመጣ አለች፤ ቀኙን ከነካቻት በቀኝ። መሀል ጀርባዋን ጫን ካደረገቻት፣ አለሁ በያት ማለት ነው። ሂቦ ያንን በአፏ ማሰማት አለባት።

የሂቦ ድምፅ ከሂጃቧ አልፎ አይወጣም ነበር።

"ሱቅ ሄደሽ ስኳር ስትጠይቂ እንኳ ከዚህ ትጮሂያለሽ" አለቻት ዐምራን።

"ባለሱቁን አላዘውም እኮ" አለች ሂቦ። "እናንተ ታላላቆቼ ናችሁ። 'ሂጂ፣ ዙሪ' ስላችሁ የተሳደብኩ ይመስለኛል። ቤታችን ቢሰሙኝ ምን ይላሉ?"

ይህን ማንም አላሰበውም ነበር። ሁሉም ዝም አሉ፤ ኬሪያም መዞር እንዳይመጣ ፈርታ፣ "እኔ እያሰብኩ ነው" አለች።

ፍቅርአዲስ ግን ሂቦን እጇን ይዛ ወደ ሜዳው ነጭ መስመር ወሰደቻት። ከመስመሩ ውጭ ቆማ እጇን ከራሷ በላይ ዘርግታ የራሷን ታላቅነት አሳየች። ወደ ውስጥ ገባችና ጎንበስ ብላ እጇን እስከ ጉልበቷ ዝቅ አደረገች። ሂቦ መጀመሪያ ፈገግ አለች፤ ቀጥሎ የተሰነጠቀ ከንፈሯን ይዛ ሳቀች። በዚያው ቀን ማምሻ ላይ፣ "ኬሪያ፣ በቀኝሽ" የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ኬሪያም ዘወር አለች።

ከድሬ የመጣው ቡድን የገጠማቸው ዕለት ነፋሱ ከወትሮው የባሰ ነበር። ፍቅርአዲስ ተሰለፈች፣ ተጋፋች፣ ኳስ ነጠቀች። ከእረፍት በኋላ ጉልበቷ ከበዳትና አሰልጣኝ ትግሉ አስወጥቶ ሂቦን በቦታዋ አቆመ። ፍቅርአዲስ የተቀያሪዎች ወንበር ላይ ተቀምጣ ፎጣዋን በጥርሷ ነከሰች፤ ቃል እንዳያመልጣት።

ሂቦ ስትጣራ ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ የሚገርመው ግን ቀጭኑ ድምፅ ነፋሱን ይሰነጥቀዋል። አንድ ጊዜ ተሳስታ በግራ የመጣችውን በቀኝ አለችና ዐምራን ከሰው ጋር ተላተመች። ሂቦ ወደ ወንበሩ ዞር ብላ ፍቅርአዲስን አየች፤ ከዚያ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። መጨረሻው ላይ ዐምራን በተከታታይ ሳተች። ፍቅርአዲስ ብትሆን ቀልዳ ታስረሳት ነበር። ሂቦ መቀለድ አትችልም። ሄዳ አጠገቧ ቆመችና የዐምራንን ክርን ይዛ፣ ወንበሩ ድረስ በሚሰማ ድምፅ፣ "ብትስቺ አላዝንብሽም። ባትወረውሪ ነው የማዝንብሽ። እኔ ከኋላሽ ነኝ" አለቻት።

ዐምራን ወረወረች። ቡድኑ በጠባብ ልዩነት አሸነፈ።

በልብስ መቀየሪያው ክፍል ሁሉም በአንድ ላይ ያወራሉ። ኬሪያ የሂቦን ስህተት እያስመሰለች ታሳያለች፣ ዐምራን የተላተመችበትን ክንድ ለሁሉም ታሳያለች። ፍቅርአዲስ መሀላቸው ተቀምጣ ደስ አላት፤ ደስታዋም እውነተኛ ነበር። ያም ሆኖ ያለእሷ መጫወትን ራሷ አስተምራ እንደጨረሰች ገባት።

ሐኪሙ በቀጠሮዋ ቀን እንድትናገር ፈቀደላት። በጥቂቱ፣ በቀስታ። መጮህን ግን ለሁልጊዜ ከለከላት። የቀራት ድምፅ ሻካራ፣ ዝቅ ያለ፣ ጠጋ ላለ ሰው ብቻ የሚሰማ ነው። ከልምምድ በፊት አሰልጣኝ ትግሉ ጠራትና ወንበሩ ላይ አጠገቡ አስቀመጣት።

"መልእክትሽ አሁንም ስልኬ ላይ አለ" አላት። "ትሄጃለሽ ወይስ ትቆያለሽ?"

"አንተ ነህ የምትነግረኝ፣ ኮች። ጉልበቴን ጡረታ አውጥተኸዋል። ድምፄም ይኸው ነው። ሂቦ ደግሞ ለምዳለች።"

"ሂቦን ጠይቄአት ነበር። ፍቄ ብትሄድ ቦታውን ትይዣለሽ ወይ አልኳት። 'አልይዝም' አለች።"

"ለምን?"

"ስሳሳት ወደ ወንበሩ አያለሁ አለች። ፊትሽ ላይ ያለውን አይታ ነው የምታስተካክለው። እዚያ ሌላ ሰው ከተቀመጠ ወዴት ልይ አለችኝ።" ትግሉ ኮፍያውን አውልቆ አቧራውን አራገፈ። "ስለዚህ ሜዳ ላይ ትንሽ፣ ወንበር ላይ ብዙ። ትፈርሚያለሽ?"

ፍቅርአዲስ ወንበሩን ከዳር እስከ ዳር አየችው። "እዚህ አጠገብህ አልቀመጥም" አለች በዚያ ሻካራ ድምፅዋ። "ነፋሱ የሚመጣው በዚህ በኩል ነው፣ አቧራውን ሁሉ ልበላልህ ነው? ደግሞ ሂቦ ከዚህ አታየኝም። ከወዲያኛው ጫፍ።"

"በውሉ ላይ እናስገባው?"

"አስገባው" አለችና ማሰሪያዋን አጥብቃ ተነሣች።

ልምምዱ ተጀምሮ ነበር። ገና ገብታ ሳትረጋጋ ሂቦ ከኋላ አንድ ነገር ተናገረች፣ ነፋሱም ወሰደው። ፍቅርአዲስ ወደ ዐምራን ጠጋ ብላ፣ "ምን አለችኝ?" ስትል ጠየቀች።

"ሂቦ፣ አባዮ አልሰማችሽም" ብላ ተጣራች ዐምራን። "ድገሚላት።"

ሂቦ ጮክ ብላ ደገመችላት። ፍቅርአዲስም ወደ ግራዋ ዞረች።